ከጭልፋ ወደ መጥረጊያ

የሀብትነሽ መዝገብ ዘጠኝ ወር ሞላው። ልጅ ቢሆን ይወለድ ነበር፤ መዝገብ ሆነና ራጂያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይወፍራል እንጂ አይወለድም።

ራጂያ ዑስማን ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ባለው የእኩልነት ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት አስማሚ ሆና ስትሠራ አምስተኛ ዓመቷ ነው። ሰው በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በሴትነቱ ወይም በአካል ጉዳቱ ተገፍቶ ሥራ ወይም አገልግሎት ሲነፈግ ወደዚያ ይመጣል። እሷም አቤት ባዩንና መልስ ሰጪውን ፊት ለፊት አስቀምጣ ታነጋግራለች። ከተስማሙ ታፈራርማለች፤ ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ክልል ይሄዳል። ወደ ክልል የሄደ መዝገብ ደግሞ ጢስ ዓባይ ላይ እንደ ወደቀ ቅጠል ነው፤ የት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሃይለ ሚካኤል በየወሩ መጨረሻ በሯን ገፋ ያደርግና፣ «ያቺ የወጥ ቤቷ ሴትዮ አልተስማማችም?» ይላታል። «ትምህርት ቤቱ አልተስማማም?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሁልጊዜ ሴትዮዋ ናት፤ በዳይዋ እሷ የሆነች ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የሚያስገባ ወይራ ሜዳ የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ሁለት መቶ አሥር ተማሪዎች በየቀኑ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። ለምገባው ከተቀጠሩት ሦስት ሴቶች ዋናዋ አብሳይ ሀብትነሽ ነበረች። ሁለት ዓመት ክክ ወጥ ሠራች፣ ቂንጬ ሠራች፣ ጭልፋዋን ይዛ ልጆቹን በሰልፍ አበላች። የእናቷ ወገኖች ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ይህን የማያውቅ በአገሩ የለም፤ ያነሣውም አልነበረም። ባለፈው የካቲት ግን አንዲት ተማሪ ከምሳ በኋላ ታመመች ተባለ። በሳምንቱ ለሀብትነሽ ደብዳቤ መጣላት፦ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ወደ ጽዳት ክፍል ተዛውረዋል።» ጭልፋዋን ተቀብለው መጥረጊያ ሰጧት።

ሀብትነሽ መጋቢት ላይ ራጂያ ፊት ስትቀመጥ የአርባ ዓመት ግድም ሴት ነበረች፤ ረጅም፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ያሰረች።

«ምን አሉዎት?» አለቻት ራጂያ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«ምንም አላሉኝም።»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«እሱ እኮ ነው የከፋው፣ እሜቴ። ቢሉኝ እመልስላቸው ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ አጥሩ ይጠሩና ከቤት ባመጡት ቆሎ ያበሏቸዋል። ሳልፍ የሕፃኑን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም።»

ራጂያ እስክሪብቶዋ ቆመባት። እናቷ ዓፊፋ ቡሬ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ሸክላ ሻጮቹ ጋናቸውን ደርድረው በተቀመጡበት በኩል ሲያልፉ እናቷ መዳፏን ዓይኗ ላይ ትጭንባት እንደነበር አስታወሰች፤ «ወደዚያ አትዪ» እያለች። መዳፏ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ይህን ለሀብትነሽ አልነገረቻትም። አንገቷን ደፍታ ጻፈች።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ደረሰ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፈገግታውንም አብሮ ተኩሶ መጣ።

«እኛ ወይዘሮ ሀብትነሽን በጣም ነው የምናከብራት» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ታዲያ ለምን አነሣችኋት?»

«አላነሣናትም። አዛወርናት።»

«ምክንያቱ?»

«የሥራ ቅልጥፍና ነዋ።»

«ወጥ ቤት ቀልጣፋ አልነበረችም?»

«ኧረ እሷን የመሰለ ቀልጣፋ የለም!»

«እንግዲያስ?»

«እንግዲያማ ጽዳቱም ቅልጥፍና ያስፈልገዋል።»

ራጂያ ግንባሯን አሸች። ሀብትነሽ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንደ አዲስ እንስሳ ትመለከተው ነበር። ራጂያ ወላጆች ምን እንዳሉት ስትጠይቀው ፈገግታው ሰፋ፤ ወንበሩንም ወደ እሷ አስጠጋ።

«ወይዘሮ ራጂያ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኛ ያረድነውን ሥጋ ይበላሉ? አይበሉም። እኛም እናንተ ያረዳችሁትን አንበላም። ታዲያ ስንት ዘመን ተከባብረን ኖርን! ሰው የማይበላው ነገር አለው። ይህ መድልዎ ይባላል?»

ራጂያ መልስ እንዳለው ታውቃለች፤ መልሱ ግን አልመጣ አለ። ሀብትነሽ ዞር ብላ አየቻት፤ እሷም መልሱን ትጠብቅ ነበር። ቀጠሮው በዚያው ተበተነ። መልሱ የመጣው አመሻሹ ላይ ቤቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። «እኔ ሥጋዎን ባልበላ ከወንበርዎ አላስነሣሁዎትም!» አለች ብቻዋን፣ ቢላዋውን እንደያዘች። ቃሉን በልቧ ይዛ ለሁለተኛው ቀጠሮ ጠበቀች። አቶ ደረሰ ግን ነገሩን ዳግመኛ አላነሣውም። መልሷ እስከ ዛሬ ድረስ ሳትናገረው ቀርቷል፤ ስታስታውሰው ያናድዳታል።

በሁለተኛው ቀጠሮ አቶ ደረሰ መላ ይዞ መጣ። ሀብትነሽ የግምጃ ቤት ኃላፊ ትሁን፤ ክኩንና ዱቄቱን እየሰፈረች ለአብሳዮቹ ታስረክብ።

«ጥሬውን እንድነካ ተፈቅዶ ብስሉን ከተከለከልኩ» አለች ሀብትነሽ፣ «ዓይኔ የሚጎዳው ብስል ብስሉን ብቻ ነው ማለት ነው?»

«እኛ ስለ ዓይን አላነሣንም!» አለ አቶ ደረሰ ደንግጦ።

«እኔም ነገሬ እሱ ነው። አንሡት።»

ሀብትነሽ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ወደ ጭልፋዋ እንድትመለስ። ሁለተኛ፣ ለምን እንደተነሣች በስምምነቱ ሰነድ ላይ በቃሉ እንዲጻፍ። «ቡዳ ናት ተብላ ተነሥታ ነበር፤ ይህም ስህተት ነው ይበል» አለች። ራጂያ ይህን ይዛ አቶ ሃይለ ሚካኤል ዘንድ ስትገባ እጁን አንሥቶ አስቆማት።

«ይህን ቃል በመንግሥት ማኅተም ሥር? ሌላ ፈልጊ። ‹ነባር ልማዳዊ አመለካከት› በይው።»

«ሴትዮዋ አትቀበልም።»

«አስረጃት! አስማሚ አይደለሽ?»

ወጥታ አስረዳች። ሀብትነሽ በጥሞና ሰማቻትና፣ «ነባር ልማዳዊ አመለካከት ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም» አለች። ተነሥታም ሚኒባሷን ልትይዝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የቡሬ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ክረምት ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አቶ ደረሰ ስልጠና ላይ ነው ተባለ። ራጂያ ሦስተኛውን ቀጠሮ ለመስከረም ጻፈች፤ ለጥቅምት አዛወረች፤ ሀብትነሽ ግን በአንዱም አልቀረችም። ሌላው ወገን ባልመጣበት ቀን ሁሉ ስትመጣ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ውላ ስትመለስ፣ «ለከርሞም ቢሆን እመጣለሁ» ትላለች። ራጂያን መጀመሪያ ያሳዘናት ይህ ትዕግሥት ኋላ ያናድዳት ጀመር። አንዳንድ ቀን ሴትዮዋ ቁጣዋን ሁሉ ለእሷ ሰጥታ እራሷ ቀሏት የምትመላለስ ይመስላታል።

ኅዳር ሲገባ ራጂያ መረራት። «እነሱ ካልመጡ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ ጭቃ ፈርቶ ካቆመበት ደግሞ በእግሯ ወይራ ሜዳ ገባች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የደረሰችው። በመምህራኑ ክፍል አቶ ደረሰ፣ ሀብትነሽና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አያ ገብረሰንበት ተቀመጡ። አያ ገብረሰንበት በቀጠሮ ሁሉ «ወላጆች» እየተባሉ ይጠቀሱ የነበሩት ሰው ናቸው፤ ራጂያ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ጠቅልለው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው የተቀመጡ ስድሳ የዘለላቸው ገበሬ።

«አያ ገብረሰንበት፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች ራጂያ። «ወላጆች ምን ብለው ነው ሀብትነሽ ከወጥ ቤት ትውጣ ያሉት?»

«ልጄ፣ እጅ ሁሉ የየራሱ ሙያ አለው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ጭቃ የለመደ እጅ ጭቃ ላይ ያምራል።»

«ጠላችሁን የምትጠጡበት ጋንስ ከየትኛው እጅ ወጣ?» አለች ሀብትነሽ።

«ጋን ይታጠባል።»

«እጄስ አይታጠብም?»

አያ ገብረሰንበት ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ የተናገርኩት ስለ ሙያ ነው። ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ የገባው ይግባው።»

አቶ ደረሰ ጣልቃ ገባና ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን፣ የጥንት አባቶቻችን ነገርን በሽምግልና ነበር የሚፈቱት፣ ወይዘሮ ሀብትነሽም ትልቅ ልብ ያላት ሴት ናት እያለ ቀጠለ። ራጂያ እግሯ ላይ ጭቃው እየደረቀ ሲሰነጣጠቅ ይሰማታል። ስድስት ደቂቃ ያህል ታገሠችው። ከዚያ መዝገቡን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ አንድ ጠመኔ ተንከባሎ ወደቀ።

«በቃ!» አለች። «ሰም ወርቁ ይቅርብኝ! ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ እንዲመልስልኝ ብዬ እዞራለሁ። ቀልጣፋ ናት ትሉኛላችሁ፣ የተከበረች ናት ትሉኛላችሁ፣ ትልቅ ልብ አላት ትሉኛላችሁ። እንደዚህ የምትወደድ ሴት መጥረጊያ ይዛ ለምን ትኖራለች? አያ ገብረሰንበት፣ ሽማግሌ ነዎት፤ ለምን?»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነበራ!» ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። ድምፃቸው ተሰብሮ ወጣ። «ያምሮት! የልጄ ልጅ! እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ እጅ ያደገች። ከዚህች ሴት እጅ በላችና ቤት ስትገባ ዓይኗ ተገልብጦ፣ ሁለት ቀን ስታስመልስ ከረመች። ምን ልበል? ቡዳ በላቻት! ይኸው፣ ይህን እንድል ነው የፈለጋችሁ? አልኩት!»

ራጂያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቃሉን እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው። አቶ ደረሰ፣ «እሱ ባይጻፍ...» ሲል፣ «ተጽፏል» አለችው ቀና ሳትል።

ሀብትነሽ ትጮኻለች ብላ ራጂያ ጠብቃ ነበር። ሀብትነሽ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ከባድ እንስራ ከጀርባዋ እንደ ወረደላት።

«ተመስገን። ተባለ» አለች። «እንግዲህ እኔም ልናገር። አያ ገብረሰንበት፣ ያምሮት በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም።»

«ምን?»

«ከረፋዱ ጀምሮ ሆዷን ይዛ ተጎንብሳ ነበር። ጧት ከወንዙ ውኃ ጠጥታ መጥታለች። ምሳ ስሰጣት አልፈልግም አለች። እኔ ነኝ ስኳርና ጨው በጥብጬ፣ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጣሁ ወጥ ቤት ያስተኛኋት። ጤና ኬላ እንድትሄድ ሰው ጥሩልኝ ብዬ ለአቶ ደረሰ ነገርኩት። ባይነግራችሁ ነው እንጂ።»

አያ ገብረሰንበት አንገታቸውን ወደ ርእሰ መምህሩ አዞሩ። ከድምፃቸው ልስላሴው ጠፋ።

«አንተ፣ ታውቅ ነበር?»

አቶ ደረሰ ሸሚዙን አስተካከለ። «ሁኔታው... ወላጆች ተቆጥተው ስለነበር... ለማረጋጋት ብዬ ነው። በዚያ ሰዓት ብናገር ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ ነው የነገረን ሊባል ይችል ነበር...»

ራጂያ ጥርሷን ነከሰች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ልጅቷን ጤና ኬላ ባለመውሰዱ እንዳይጠየቅ ዝም አለ፤ ዝምታውን የከፈለችው ሀብትነሽ ናት። ዘጠኝ ወር ያባከናት «አመለካከት» ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ የአንድ ሰው የወንበር ስጋት ኖሯል።

ስምምነቱን እዚያው፣ በእጇ ጻፈች። ሀብትነሽ በመጪው ሰኞ ወደ ዋና አብሳይነቷ ትመለሳለች። ቡዳ ናት ተብላ መነሣቷ ስህተት ነበር። ርእሰ መምህሩ የልጅቷን ሕመም እውነት ለወላጆች ስብሰባ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩና የኮሚቴው ሰብሳቢ ከልጆቹ ጋር ምሳ ይበላሉ። አቶ ደረሰ ፈረመ። አያ ገብረሰንበት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ብዙ ቆይተው ወረቀቱ ላይ አሳረፏት። ሀብትነሽ የገዛ ስሟን በትልልቅ ፊደል፣ እየተጠነቀቀች ጻፈች። አቶ ሃይለ ሚካኤል በማግስቱ ቃሉን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሆኖም «ተስማሙ?» ብሎ፣ «ተስማሙ» ስትለው ማኅተሙን መታበት።

ሰኞ ራጂያ መፈጸሙን ለማየት ተመለሰች። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ምሳው ክክ ወጥና ዳቦ ነበር። ሀብትነሽ ነጭ ሻሽ አስራ ከብረት ድስቱ ኋላ ቆማለች። ከሁለት መቶ አሥሩ የተሰለፉት ሰባ ያህል ናቸው። የቀሩት አጥሩ ሥር ከእናቶቻቸው ጋር ቆመው ያያሉ።

አቶ ደረሰ ሳህኑን ይዞ በልቶ ጨረሰ፤ ፎቶም አስነሣ። ለራጂያም አንድ ሳህን መጣላት። ዳቦውን ቆርሳ ወጡን አጠቀሰች፤ ወደ አፏ ስታመጣው እጇ ቆመ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ግን ቆመ። የእናቷ መዳፍ ዓይኗ ላይ እንዳለ ሆኖ ተሰማት። ይህን ሁሉ ወር በሌሎች ላይ ስትቆጣበት የኖረችው ነገር በገዛ ክንዷ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ሀብትነሽ አይታት እንደሆን ራጂያ አላወቀችም፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ከልጆቹ ሳታነሣ ትቀዳለች። ራጂያ ጎረሰች። ሁለተኛውን ቶሎ ጎረሰች። ሳህኑን ጠርጋ በላች።

አያ ገብረሰንበት ግን ሳህን አልያዙም።

«ጾም ነው፣ ልጄ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም» አሉ።

ራጂያ ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ሰውየውን በጾማቸው ማን ይሟገታቸዋል? የመጨረሻው ባጃጅ ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ ይሄዳል። ቢያመልጣት መመለሻ የለም፤ ከሄደች ግን ሽማግሌው መብላት አለመብላታቸውን ለዘላለም አታውቅም። «እንግዲያው እጠብቅዎታለሁ» አለችና ከጎናቸው የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ያምሮትን ከሰልፉ መሐል አሳዩዋት፤ ቀጭን፣ ጥርሷ የወለቀ። ተሰልፋ ነበር። «እኔ ሂጂ አልኳት» አሉ። ስለ ሌላ ነገር አላወሩም፤ ስለ ጤፉ ዋግ መምታትና ስለ ማዳበሪያ መዘግየት ካልሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሀብትነሽ የተከደነ ሳህን አመጣችላቸው። አማተቡ። አንድ ጎረሱ፣ አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ። አጥሩ ሥር የቀሩት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ጨው አንሶታል» አሉ አያ ገብረሰንበት።

«ምን አሉ?» ሀብትነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጨው።»

«ዘጠኝ ወር ከወጥ ቤት አስወጥታችሁኝ፣ ሁለት መቶ ልጅ የሚበላውን ወጥ ያለ እኔ ስታበስሉ ኖራችሁ፣ ዛሬ መጥታችሁ ጨው አነሰ! ቆይቶ የቀዘቀዘ ወጥ ጨዉ አይሰማም! እኔ ነኝ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠብቁ ያልኳችሁ?»

«ኧረ አነሰ አልኩ እንጂ ጠፋ አላልኩም» አሉ ሽማግሌው ወደ ኋላ እያሉ፤ አራተኛ ጎረሱ።

ሀብትነሽ እያጉረመረመች ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ያን ቀን ራጂያ ድንች የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተለጥፋ ነው ፍኖተ ሰላም የገባችው።

በጥር መጨረሻ ሰልፉ ላይ የሚቆሙት ልጆች መቶ ስድሳ ደረሱ። የቀሩት እናቶች ግን እስከ ዛሬ ቆሎ ያመጣሉ። አንደኛዋ ረዳት አብሳይ ከሀብትነሽ ጋር አልሠራም ብላ ለቀቀች። ያም ሆኖ ራጂያ መዝገቡ ደህና ተፈታ ብላ ማመን ጀምራ ነበር፤ በሚያዝያ ከክልል ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ። ወይራ ሜዳ ትምህርት ቤት «መድልዎን በውይይት በመፍታት ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተመርጧል። ርእሰ መምህሩ አቶ ደረሰ ባሕር ዳር ሄዶ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ያቀርባል።

ራጂያ ደብዳቤውን ይዛ አቶ ሃይለ ሚካኤል ቢሮ ገባች። «እሱ? እሱ ነው ተሞክሮው? ሀብትነሽስ?»

«ደብዳቤው ለተቋም ነው የተጻፈው፣ ራጂያ። ተቋሙን የሚወክለው ኃላፊው ነው። ደግሞ ለእኛም ጥሩ ነው፤ ስማችን ተጠቅሷል።»

ወጥታ በሩን ዘጋችው። እንዳሰበችው አልጮኸም፤ የላላ በር ነው። ስልኳን አወጣችና ለሀብትነሽ ደወለች፤ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብላ። ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሣ። ከኋላ የሳህን መንኳኳትና የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ አቶ ደረሰ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። እርስዎን ስለመለሰበት መንገድ ሊያስተምር!»

«እኔን የመለሰኝ እሱ ነው?»

«እሱማ አይደለም! እኔም የምለው ይህንኑ...»

«እሜቴ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጢሱ ዓይኔን አጠፋው፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል። ይሂድ። እዚህ ቢሆንም እግሩን ከመጎተት በቀር አይረዳኝም። አንቱ ግን ከቻሉ በለቀቀችዋ ፈንታ ረዳት አብሳይ ቶሎ ይቅጠሩልኝ ይበሏቸው። ሁለት ብቻ ነን!»

«እኔ እኮ ቅጥር አይመለከተኝም፣ ወይዘሮ...»

ስልኩ ተዘግቷል። ራጂያ ስክሪኑን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፣ በማይመለከታት ጉዳይ፣ ለወይራ ሜዳ አንድ ረዳት አብሳይ እንዲቀጠር የሚጠይቅ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።